ብርሃን የሚያዩ ሕዋሳትን ከስቴም ሴል ማሳደግ፦ ከቀን 0 እስከ ቀን 200

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ከስድስት ወር በላይ ይፈጃል። ይህን ሥራ ጀምረው የሚተዉት ብዙዎቹ ሕዋሱ ሞቶባቸው አይደለም፤ ዘግይቶባቸው ነው። በአርባኛው ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ምንም የለም። በስልሳኛውም ያው ነው። ከዚያ ሚዲየሙን (ሕዋሱ የሚያድግበትን ፈሳሽ ምግብ) ይቀይራሉ፣ አንድ ነገር ይጨምራሉ፣ ይነካካሉ። የሚበላሸውም ያኔ ነው።

የሰው ሕዋስ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ከአይጥ ስቴም ሴል (ሥራው ገና ያልተወሰነ፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ለማግኘት አንድ ወር ገደማ ይበቃል። የሰው ግን ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥም ሆኖ ማሕፀን ውስጥ ያለ ይመስል ወራቱን ይቆጥራል። የእኛ ድርሻ የሚያስፈልገውን ነገር በቀኑ ማቅረብ ነው፤ ከዚያ እጅ መሰብሰብ። ለዚህም ነው መመሪያውን በቀን ቁጥር የጻፍኩት።

የጻፍኩት ላብ ለሚጀምሩ ተማሪዎች ነው። ዓይናቸው ወይም የቤተሰባቸው ዓይን ታሞ ከዜናው ጀርባ ያለውን ማወቅ ለሚፈልጉም ይሆናል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን እንደምናሳድግ እንወቅ

ከዓይን በስተኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ያሉት እዚያ ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው። ሮድ የሚባሉት ከ90 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ የጨለማና የድንግዝግዝ ሠራተኞች ናቸው። አንዲት ቅንጣት ብርሃን እንኳ ስትነካቸው ይሰማቸዋል። ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቀለም የምንለየው፣ ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምናውቀው በእነሱ ነው።

የእነዚህ ሕዋሳት ጠባይ ትንሽ ግራ ያጋባል። ጨለማ ውስጥ ሲሆኑ ያለማቋረጥ መልእክት ይልካሉ። ብርሃን ሲነካቸው ዝም ይላሉ። አንጎል የሚያየው ከዚያ ዝምታ ተነሥቶ ነው። በአንድ ጫፋቸው ውጫዊ ክፍል የሚባል ነገር አላቸው፤ እንደ ሳንቲም የተደራረቡ ቀጫጭን ዝርግ ከረጢቶች ናቸው፤ ብርሃን የሚይዘው ፕሮቲን እዚያ ላይ ተሰክቷል። ይህ ክምር በአሥር ቀን አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ያረጀውን ጫፍ የሚበላለት ከሥሩ የተነጠፈው፣ አርፒኢ የሚባለው ጥቁር ሽፋን ነው። አርፒኢን አስታውሱት፤ ወደ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይከፋፈልም። ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ሬቲናዋ ቢጎዳ መልሳ ታበቅላለች። እኛ አልታደልንም። በሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ መጀመሪያ ሮዶቹ ይሞታሉ፣ ቀስ ብለው ኮኖቹ ይከተላሉ። በስታርጋርት በሽታና በዕድሜ በሚመጣው የማኩላ (የሬቲናው መሐል) ጉዳት ደግሞ መሐሉ ይጠፋል። አሜሪካ በ2017 ያጸደቀችው አርፒኢ65 ለሚባለው ጂን የተሠራው የጂን ሕክምና ብዙ ሰው ረድቷል፤ ግን የሚሠራው በሕይወት ባለ ሕዋስ ላይ ብቻ ነው። የሞተን ሕዋስ ጂን አስተካክሎ ማስነሣት አይቻልም። ያኔ ያለው አማራጭ መተካት ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድሞ መታወቅ አለበት። አዲሱ ሕዋስ መልእክቱን የሚቀበለው ይፈልጋል። ከኋላው ያሉት ባይፖላርና ጋንግሊዮን ሕዋሳት፣ ከዚያም የዓይን ነርቭ ጤነኛ መሆን አለባቸው። ግላኮማ የሚገድለው ጋንግሊዮኖቹን ነው። ስለዚህ በግላኮማ የጠፋ እይታ በዚህ መንገድ አይመለስም። የሞራ ግርዶሽም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ችግሩ ሌንሱ ላይ ነው።

ከቀን 0 በፊት፦ ዘር መምረጥ

ሁለት ምንጭ አለ። አንዱ የፅንስ ስቴም ሴል ነው። ጄምስ ቶምሰን በ1998 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከሰው ፅንስ ለይቶ አሳድጎታል። ሁለተኛው አይፒኤስ ሴል ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 ደግሞ የሰውን የቆዳ ሕዋስ አራት ጂኖች አስገብቶ ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው። በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዛሬ ከጥቂት ደምም ይሠራል።

የበሽተኛውን የራሱን ሕዋስ መውሰድ መጀመሪያ ሲያስቡት ምርጥ ይመስላል። ሰውነቱ እንደ ባዕድ አያየውም። ግን በሽታው በዘር የመጣ ከሆነ ስሕተቱ እዚያው ሕዋስ ውስጥ አለ። ክሪስፐር በሚባለው ጂን ማረሚያ ማረም ያስፈልጋል። ከዚያ መፈተሽ፣ ማሳደግ፣ እንደገና መፈተሽ። ለአንድ ሰው ብቻ ይህን ሁሉ መድገም ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ስለዚህ ብዙዎች አሁን የሚሄዱት ከለጋሽ ተወስዶ በሕዋስ ባንክ በተቀመጠ፣ አስቀድሞ በተፈተሸ ሕዋስ ነው። እናንተም ለመማር ከሆነ የራሳችሁን አትሥሩ። ከባንክ የታወቀ መሥመር (ከአንድ ምንጭ የተባዛ ሕዋስ) ውሰዱ። ከተቻለ ሁለት ሦስት ውሰዱ። ምክንያቱም በአንድ ዓይነት ሚዲየምና በአንድ ዓይነት እጅ አንዱ መሥመር ሬቲና በሬቲና ይሆናል፣ ሌላው እምቢ ይላል። ለምን እንደሆነ አንድ ሰሞን ብዙ ራሴን አሞኛል፤ መሥመር መቀየር ይቀላል።

ሕዋሶቹን እንዲይዛቸው ማትሪጄል ወይም ላሚኒን በተቀባ ፕሌት ላይ፣ ኤምቴሰር ወይም ኢ8 በሚባለው ሚዲየም አሳድጉ። ሙቀቱ 37 ዲግሪ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 ከመቶ። በአራት አምስት ቀን አንዴ ከፕሌቱ በሚያላቅቀው 0.5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ በትንንሽ ቁርጥራጭ አንሥታችሁ አዲስ ፕሌት ላይ አስፍሩ። ጤነኛ ስብስብ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ሕዋሶቹ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ጠርዙ ከተበታተነ፣ ጠፍጣፋና ረጃጅም ሕዋሳት መታየት ከጀመሩ፣ እነሱን ፍቃችሁ አውጡ። ከበዙ ፕሌቱን ጣሉት። አታሳዝኑት፤ እዚህ የተጣለ ፕሌት የሚያስከፍለው ሳምንት ነው፣ በኋላ የሚጣለው ግን ግማሽ ዓመት።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ምርመራ የግድ ነው። አንደኛው ማይኮፕላዝማ ነው። በማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ ሚዲየሙን የማያደፈርስ ተባይ ነው፤ ዲኤንኤን አብዝቶ በሚለየው ምርመራ፣ በፒሲአር፣ ያዙት። ሁለተኛው ክሮሞዞም ነው። ስቴም ሴል ለረጅም ጊዜ ሲያድግ ቶሎ ቶሎ የሚባዙት ያሸንፋሉ፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኞች አይደሉም። 20ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ መደገም የተለመደ ነው፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች ተራው የክሮሞዞም ምርመራ ሊያልፋት ይችላል። ለብቻዋ ፈልጓት።

አንቲባዮቲክስ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። አትጨምሩ። ንጽሕና የጎደለው እጅ እንዳይታወቅ ይሸፍናል እንጂ ችግሩን አያጠፋም። እኔ አንዴ 110 ቀን የሞላቸውን ኦርጋኖይዶች (ላብ ውስጥ ያደጉ ትንንሽ የሬቲና ኳሶች) በሙሉ ያጣሁት በኢንኩቤተሩ የውኃ ትሪ በገባ ፈንገስ ነው። አንቲባዮቲክስ ነበረበት፤ ፈንገስን ግን ምን ያደርገዋል? ትሪውን በየሳምንቱ ማጠብ ነበረብኝ።

ከቀን 0 እስከ ቀን 16፦ ከስቴም ሴልነት ማላቀቅ

መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። እዚህ የምገልጸው ዊስኮንሲን ያለው የዴቪድ ጋም ቡድን ካሳወቃቸው መንገዶች ጋር የሚቀራረበውን ነው፤ ለጀማሪ ይቅር ባይ ሆኖ ስላገኘሁት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ስቴም ሴል «እንዳለህ ቆይ» የሚሉትን ምልክቶች ስታነሡበት ወደ ነርቭ ያዘነብላል። ዓይን ደግሞ ከአንጎል የፊት ክፍል ጎልቶ የወጣ የአንጎል አካል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አንጎል፣ ከዚያ ወደ ዓይን እንመራዋለን።

በቀን 0 ፕሌቱ ሰባ ከመቶ ገደማ ሲሞላ ሕዋሶቹን በቁርጥራጭ አንሡ። ነጠላ ነጠላ እስኪሆኑ አትበትኗቸው። በማያጣብቅ ፍላስክ ውስጥ ተንሳፍፈው ትንንሽ ኳሶች ይሠራሉ። በቀጣዮቹ ሦስት አራት ቀናት አሮጌውን ሚዲየም እየቀነሳችሁ አዲሱን ጨምሩ፦ መጀመሪያ ሦስት እጅ አሮጌ በአንድ እጅ አዲስ፣ ቀጥሎ እኩል፣ ቀጥሎ አንድ በሦስት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አዲስ። አዲሱ ሚዲየም ዲኤምኢኤምና ኤፍ12 እኩል ተቀላቅለው፣ ኤን2 የሚባለው ተጨማሪ 1 ከመቶ፣ አሚኖ አሲዶችና ጥቂት ሄፓሪን ያለበት ነው። ድንገት ከቀየራችሁት ኳሶቹ ይደነግጣሉ፤ ግማሹ ይሞታል።

ቀን 6 ላይ ቢኤምፒ4 የሚባል ፕሮቲን 1.5 ናኖሞላር ጨምሩ። አንዴ ብቻ። ቀኗን ቀይ እስክሪብቶ አክብቡባት። ቢኤምፒ4 ቀደም ብሎ ከገባ ሕዋሱን ወደ ቆዳ ይገፋዋል። ዘግይቶ ከገባ ሕዋሱ አንጎል ለመሆን ወስኖ ጨርሷል፤ አይሰማም። በስድስተኛው ቀን አካባቢ ግን «ዓይን ሁን» የሚል ትርጉም አለው። ቃሉ ያው ነው፤ የሚሰማው ጆሮ ነው ዕድሜው የሚለየው። የእናንተ መሥመር አንድ ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ሊል ይችላልና፣ መጀመሪያ በቀን 5፣ 6 እና 7 ሞክራችሁ አወዳድሩ።

ቀን 7 ላይ ኳሶቹን በማትሪጄል የተቀባ ፕሌት ላይ አሳርፏቸው። ፕሌቱን ኢንኩቤተር አስገቡና ሌሊቱን አትንኩት። በር እየከፈቱ «ተጣብቀው ይሆን?» ማለት ነው ኳሶቹን መሐል ላይ የሚያከማቸው። በቀን 9፣ 12 እና 15 ግማሹን ሚዲየም ብቻ ቀይሩ። ቢኤምፒ4ው በዚያው እየቀጠነ ይሄዳል።

ከቀን 16 እስከ ቀን 30፦ ዓይኑን መለየት

በ2011 ኮቤ ከተማ በሚገኘው የሪኬን ተቋም የዮሺኪ ሳሳይ ቡድን አንድ ነገር አሳየ። የአይጥ ስቴም ሴል ኳስ በራሱ ጊዜ ጎልቶ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጽዋ ሠራ። ፅንስ ውስጥ ዓይን የሚሠራው እንዲሁ ነው። ማንም አላጠፈውም፣ ማንም ቅርጽ አላወጣለትም። በ2012 ከሰው ሕዋስም ደገሙት። ከዚያ በፊት ብዙዎቻችን ቅርጽ የሚመጣው ከዙሪያው ካለው አካል ነው ብለን እናስብ ነበር። መመሪያው ሕዋሱ ውስጥ ነበር።

እኛም አሁን የምንጠብቀው እሱን ነው። ቀን 16 ላይ ሚዲየሙን ኤን2 በሌለውና ቢ27 የሚባለው ሌላ ተጨማሪ ባለበት ቀይሩት። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ አዲስ ሚዲየም እየሰጣችሁ ጠብቁ። ከቀን 20 በኋላ በተጣበቁት ጉብታዎች ላይ ለውጥ ታያላችሁ። እዚህ ነው ዓይናችሁ መሠልጠን ያለበት። ሬቲና የሚሆነው ጉብታ ጠርዙ ብሩህ ነው፤ ወርቃማ ቀለበት የተደረገበት ይመስላል፤ ቀለበቱ ወጥ ውፍረት አለው። አንጎል የሚሆነው ደብዘዝ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ የጽጌረዳ ቅርጽ ያላቸው ክቦች ይታዩበታል። አንዳንዴ አጠገቡ ጥቁር ቀለም ያዘለ ነጠብጣብ ይኖራል። እሱ አርፒኢ ነው፤ ሰፈሩ የዓይን ሰፈር መሆኑን ይጠቁማል።

ከቀን 25 እስከ 30 ባለው ጊዜ ብሩሆቹን በስለታም ምላጭ ወይም በመርፌ ጫፍ እየቆረጣችሁ አንሡ። ማይክሮስኮፑን ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ሁድ ውስጥ አስገቡት። ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፤ ቡና ጠጥታችሁ አትምጡ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ሰሞን የሰበሰብኩት አብዛኛው አንጎል ነበር። ያስተካከለኝ አንድ ልማድ ነው፦ የቆረጥኩትን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ ቁጥር ሰጠሁት፤ ከወር በኋላ የትኛው ሬቲና ሆነ፣ የትኛው አልሆነም ብዬ ወደ ፎቶው ተመለስኩ። ሁለት ዙር ሳይሞላ ዓይኔ ለመደ።

ለማረጋገጥ ጥቂቶቹን በማቅለሚያ አይታችሁ ፓክስ6ና ቪኤስኤክስ2 የሚባሉት ፕሮቲኖች አብረው መኖራቸውን ፈትሹ። ፓክስ6 ብቻውን አንጎልም ላይ አለና አያታልላችሁ።

ከቀን 30 እስከ ቀን 100፦ ምንም የማይታይበት ጊዜ

አሁን የተቆረጡት በማያጣብቅ ፕሌት ላይ ይንሳፈፋሉ። ኦርጋኖይድ እንላቸዋለን። ሚዲየሙ ዲኤምኢኤም ሦስት እጅ፣ ኤፍ12 አንድ እጅ፣ ቢ27 2 ከመቶ፣ የጥጃ ፅንስ ሴረም 5 ከመቶ፣ ታውሪን 100 ማይክሮሞላር፣ ከቅባት ድብልቅ ጋር ነው። ሬቲኖይክ አሲድም 1 ማይክሮሞላር ይገባበታል። ሬቲኖይክ አሲድን የሁዱን መብራት አጥፍታችሁ ጨምሩት፣ ጠርሙሱንም በፎይል ጠቅልሉት። ብርሃን ያበላሸዋል። ብርሃን የሚያይ ሕዋስ የሚያሳድገው ነገር ራሱ ብርሃን አለመውደዱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

በሳምንት ሁለቴ ምግባቸውን ቀይሩ። አታጨናንቋቸው፤ ሲነካኩ ይጣበቃሉ። በጠባብ የፒፔት ጫፍ አትሳቧቸው። ሥራው ይኸው ነው። ለሰባ ቀን።

ውስጡ ግን ሥራ በዝቷል። ሬቲና የራሱ የልደት ተራ አለው። መጀመሪያ ጋንግሊዮኖቹ ይወለዳሉ፣ ኮኖችም ቀደም ይላሉ፤ ሮዶችና ባይፖላሮች ኋላ ይመጣሉ፤ ሙለር የሚባሉት ደጋፊ ሕዋሳት መጨረሻ። ቀድመው የተወለዱት ጋንግሊዮኖች ግን በኦርጋኖይዱ ውስጥ እየሞቱ ያልቃሉ። ሽቦአቸውን የሚዘረጉበት የዓይን ነርቭ፣ የሚደርሱበትም አንጎል የለማ። የኦርጋኖይዱም መሐል ይጠቁራል፤ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን ጠልቆ አይደርስም። በዚህ አትደንግጡ። የምንፈልገው ሕዋስ ውጭ ጠርዝ ላይ ነው።

የኮኑን ዓይነት ልምረጥ የሚል ካለ እጅ ማስገባት የሚቻልበት ጠባብ በር አለ። በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮን የሰማያዊ ወይም የቀይና አረንጓዴ እንዲሆን የሚወስነው የታይሮይድ ሆርሞን መሆኑን በኦርጋኖይድ አሳዩ። ሆርሞኑ ሳይሰማ የቀረ ኮን ሰማያዊ ይሆናል። ሆርሞኑን ቀደም ብሎ ያገኘው ቀይና አረንጓዴ ይሆናል። ዲኤፒቲ የሚባል ኬሚካልም አለ፤ መከፋፈል ያልጨረሱትን ሕዋሳት በአንድ ጊዜ እንዲያቆሙ ያደርጋል፤ ዕድሜአቸው ይቀራረባል። ጊዜውን ከሳታችሁ ግን ገና ያልተወለዱት ሳይወለዱ ይቀራሉ። ለመጀመሪያ ዙር ተዉት።

ከቀን 100 እስከ ቀን 200፦ ጸጉሩ ሲወጣ

ቀን 100 ላይ ሬቲኖይክ አሲዱን አቁሙ። ከቀን 120 አካባቢ በኋላ በኦርጋኖይዱ ጠርዝ ላይ እንደ ብሩሽ ጸጉር የመሰለ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ ቆሻሻ ነው ብላችሁ ልታጥቡት ትችላላችሁ። አታጥቡት! አራት ወር የጠበቃችሁት እሱ ነው፦ ውጫዊው ክፍል፣ የሳንቲሙ ክምር ጅማሬ። ከዚህ በኋላ ኦርጋኖይዱን ስታነሡ ጫፉ የተቆረጠ ሰፊ ፒፔት ተጠቀሙ፤ ጸጉሩ በትንሽ ነገር ይረግፋል።

ዕድሜውን በፕሮቲኖቹ አንብቡት። ሲአርኤክስ ቀድሞ ይመጣል፤ «ብርሃን ተቀባይ ልሆን ነው» ማለቱ ነው። ሪከቨሪን ይከተላል። ብርሃን የሚይዙት ፕሮቲኖች፣ ሮዶፕሲንና የኮን ኦፕሲኖች፣ ሲታዩ አድጓል።

ማየቱ እርግጥ ይሠራል? በ2014 የማሪያ ካንቶ-ሶለር ቡድን በጆንስ ሆፕኪንስ በኦርጋኖይድ ያደጉ ብርሃን ተቀባዮች ለብርሃን ምላሽ እንደሚሰጡ አሳየ። በ2022 ደግሞ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ከኦርጋኖይድ የወጡ ኮኖች ከዝንጀሮ ሬቲና ኮኖች ጋር የሚወዳደር ምላሽ እንዳላቸው ለኩ። እናንተም ስትሞክሩ አንድ ነገር አትርሱ። ኦፕሲን ብርሃን የሚይዘው ሬቲናል ከሚባለው የቫይታሚን ኤ ዘመድ ጋር ሆኖ ነው፤ እሱን በዓይን ውስጥ እያደሰ የሚያቀብለው አርፒኢ ነው። ኦርጋኖይዱ ጸጉር አጠገብ አርፒኢ የለም። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ባለ9-ሲስ ሬቲናል ጨምሩለት፤ በጨለማ። አለበለዚያ ጤነኛውን ሕዋስ ዕውር ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ለሕክምና መሰብሰብ

እዚህ ጋ ስንት ዓመት ያሳሳተ ታሪክ አለ። በ2006 የለንደን ተመራማሪዎች ከአይጥ ግልገል የተወሰዱ ሮዶችን ወደ ሌላ አይጥ ሬቲና አዛወሩ። የተሳካው መከፋፈል ያቆሙ ግን ገና ያልበሰሉ ሕዋሳት ሲሆኑ ነበር። ከዚያ ያነሱት አልሆኑም፣ የበሰሉትም አስቸገሩ። የተዛወሩት ሕዋሳት አረንጓዴ እንዲያበሩ ምልክት ተደርጎባቸው ስለነበር፣ በተቀባዩ ሬቲና ውስጥ አረንጓዴ ሮዶች ተደርድረው ሲታዩ ሁሉም ገቡ፣ ሰፈሩ ተባለ። ዓለም ተከተለ።

በ2016 የተለያዩ ቡድኖች አንድ በአንድ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ከአረንጓዴዎቹ ብዙዎቹ እንግዶች አልነበሩም። የባለቤቱ የአይጡ ሮዶች ነበሩ፤ ከእንግዶቹ ፕሮቲን ተቀብለው አረንጓዴ የሆኑ። ሕዋሳቱ ዕቃ ይለዋወጡ ነበር። አሥር ዓመት የተቆጠረው «መስፈር» ጉልህ ክፍሉ ልውውጥ ሆኖ ተገኘ። ለአንዳንዱ በሽታ ልውውጡ ራሱ ሊጠቅም ይችላል። ብርሃን ተቀባዩ ጨርሶ ለጠፋበት ዓይን ግን ሰጪ እንጂ ተቀባይ የለም። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተቀይሯል፦ እንግዳውን በቀለም ብቻ አትመኑ፣ የሰው ሕዋስ መሆኑን በኒውክሊየሱ አረጋግጡ። የዕድሜው ትምህርት ግን ቆሟል። ለጋና ያልበሰለ፣ መከፋፈል ግን ያቆመ።

መሰብሰቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኦርጋኖይዱን በፓፔይን ኢንዛይም በትኖ ነጠላ ሕዋስ ማውጣት፣ ከዚያ ሲዲ73ን በመሳሰሉ የውጭ ምልክቶች መለየት ነው። ሌላው የሬቲናውን ጠርዝ እንዳለ በቁራጭ ሽፋን መውሰድ ነው። ነጠላው ለመርጨት ይቀላል፤ ሽፋኑ ሥርዓቱን ይዞ ይሄዳል፣ ግን የማያስፈልጉ ሕዋሳትንም ይዞ። የተበተነው ሕዋስ እንደገና ይያያዛል ወይ ለሚለው፣ የጋም ቡድን በ2023 መልስ አወጣ። ከኦርጋኖይድ የተበተኑ የሬቲና ሕዋሳት መልእክት የሚተላለፍበትን መጋጠሚያ እንደገና ሠርተዋል፤ ያረጋገጡትም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በመጋጠሚያ ብቻ እንዲያልፍ በተሻሻለ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው።

ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ያልተለወጠ ስቴም ሴል መቅረቱ። ጥቂት ከቀረ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የስቴም ሴል ምልክት የሆኑትን ኦክት4ና ሊን28ን በፒሲአር ፈልጉ፤ በሽታ የመከላከል አቅም በሌላቸው አይጦችም ለወራት ፈትሹ። ዲኤንኤውን እንደገና አንብቡት።

ወደ ዓይን

ቀዶ ሐኪሙ የዓይኑን ውስጥ የሞላውን ጄል ያወጣል፣ ሬቲናውን በጥቂት ፈሳሽ ከሥሩ ያነሣዋል፣ በቀጭን ቱቦ ሕዋሱን በሬቲናውና በአርፒኢው መካከል ያስቀምጣል። ሕዋሱ ከሌላ ሰው ከሆነ ሰውነት እንዳይጥለው መድኃኒት ይሰጣል። ከሌላ የሰውነት ክፍል ይልቅ ዓይን ለዚህ የተመቸ ነው። የሚፈለገው ሕዋስ ጥቂት ነው፤ የተቀመጠውን ከውጭ ሆኖ ኦሲቲ በሚባለው የሬቲናን ንብርብር በብርሃን የሚቃኝ መሣሪያ ማየት ይቻላል፤ ያልታከመው ዓይን ደግሞ ማወዳደሪያ ይሆናል።

በመስከረም 2014 ኮቤ ውስጥ የማሳዮ ታካሃሺ ቡድን ከበሽተኛዋ ከራሷ አይፒኤስ ሴል የተሠራ የአርፒኢ ሽፋን አስገባ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ለሁለተኛው ታካሚ የተዘጋጀው ሕዋስ ላይ የጂን ለውጦች ስለተገኙ ግን በ2015 ቆመ። በኋላ ወደ ባንክ ሕዋስ ዞሩ። ከአይፒኤስ ሴል ያደገ፣ ብርሃን ተቀባይ የያዘ የሬቲና ሽፋን ራሱ ለሰው የገባው በ2020 ነው፤ እዚያው ኮቤ፣ ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ላለበት ሰው። ሁለት ታካሚዎች ለሁለት ዓመት ሲታዩ ሽፋኑ በሕይወት ቆይቷል፤ ከባድ ጉዳትም አላደረሰም። በግልጽ የጨመረ እይታ ግን አልታየም። «ዕውር አበራ» የሚል ርዕስ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

ገንዘብ እየተቀበሉ «ስቴም ሴል» የሚወጉ ክሊኒኮችን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በ2017 የታተመ የሕክምና ዘገባ ሦስት ሴቶች ፍሎሪዳ ውስጥ ከራሳቸው ስብ የወጣ ነው የተባለ ነገር በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው እይታቸውን እንዳጡ ይገልጻል። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ነበር። የስብ ሕዋስ ያለፉትን 200 ቀናት አላለፈም፤ ዓይን ሊሆን አይችልም። ትክክለኛ ሙከራ ለሕክምናው አያስከፍልም፣ ሁለቱን ዓይን በአንድ ቀን አይነካም፣ የሚጀምረውም ከደከመው ዓይን ነው። በሙከራ መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጠበቁ ይቀጥላል። የሰው ሕዋስ አይጥ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንኳ በሰው ፍጥነት ነው የሚያድገው። ለጋ ሕዋስ ያስገባ ሐኪም በሁለተኛው ሳምንት የፊደል ሰሌዳ ፊት አያስቆምም። መጀመሪያ ኦሲቲው ሽፋኑ መኖሩን ብቻ ያሳያል። ጸጉሩ ወጥቶ፣ መጋጠሚያው ተሠርቶ፣ መልእክት ለመላክ ወራት ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላብ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ኃላፊነት አለበት። ከዚያው ዙር የተረፈውን ሕዋስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያስቀምጣል፣ የቀን 0ን ቀን፣ የሚዲየሙን የምርት ቁጥር፣ የቆረጠውንም እያንዳንዱን ፎቶ አብሮ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ቢታይ፣ ሐኪሙ የሚደውለው ለእሱ ነው።